የአባት ደላላ

ፈሪ ነኝ። ይህን ሰው ሳይቀድመኝ እኔው ልናገረውና ይውጣልኝ። መብረቅ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ካኪ የለበሰ ሰው እፈራለሁ፤ የመኪና ጥሩምባ በድንገት ከጮኸ በእጄ የያዝኩት ሁሉ መሬት ነው። ነቀምቴ ገበያ ቅመም መቸርቸር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው፤ በእኔ ድንጋጤ የተደፋው በርበሬ ቢሰበሰብ አንድ ሠርግ ይደግሳል። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «አንቺን ያገባሁ ጊዜ ውሻ መግዛት ቀረልኝ፤ ኮሽ ሲል ቀድመሽ ትጮኺያለሽ» ይለኝ ነበር።

እሱንም ዴዴሳ በረሃ ለእንጨት ሥራ ወርዶ ወባ ቀማችኝ። የሚገርማችሁ፣ ወባን አልፈራም ነበር። ከምፈራቸው መካከል ሳላስገባት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አላልፍም፤ የማላውቀውንም ቢሆን አስቀድሜ እፈራዋለሁ፣ ኋላ ተረሳሁ ብሎ እንዳይመጣብኝ።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ሆና ነው በየወንዱ ደጅ፣ በየቢሮው፣ ይባስ ብሎም በእድር ጉባኤ መሀል ቆማ እንደ ጠበቃ ስትሟገት የተገኘችው? ዛሬ በመንገድ ሳልፍ ሕፃናቱ «የአባት ደላላ መጣች!» እያሉ ይከተሉኛል። የከብት ደላላ አለ፣ የቤት ደላላ አለ፣ የሠራተኛ ደላላ አለ። የአባት ደላላ ግን ከእኔ በፊት በወለጋ ምድር ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ሥራውን አስረክበዋለሁ።

ስለ ጽሕፈቴ አትፍረዱብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጄ ከደሳለኝ ጋር፣ በእሱ መጽሐፍ ነው። እሱ አራተኛ ክፍል ሲያልፍ እኔ ሦስተኛ ላይ ቀረሁ። ኋላ እሱም ሰባተኛ ላይ ቆመ፤ ያኔ ነው ፍርሃቴ ሥራ ያገኘው።

ጎረቤቴ አያንቱ ትባላለች። በእኛ ከተማ ትልቅ ሴት በባዶ ስሟ አትጠራምና አዴ አያንቱ እንላታለን፤ ወንዱን ደግሞ ኦቦ። የእሷ ልጅ ገለታና የእኔ ልጅ ደሳለኝ ጡት የጣሉት በአንድ ሳምንት ነው፣ መራመድ የጀመሩት በአንድ ሳምንት ነው፣ ትምህርት ቤት የተዉትም በአንድ ሳምንት ነው። ከዚያ ውሏቸው መናኸሪያ ሆነ። መናኸሪያ መዋል ማለት ደግሞ፣ መጀመሪያ ሻንጣ መሸከም፣ ቀጥሎ ሻንጣ መቁጠር፣ ቀጥሎ የሻንጣው ቁጥር መጉደል ነው።

ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ዳገት አለ። ጭነት መኪና እዚያ ሲደርስ እንደ ነፍሰ ጡር እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ያቺን ደቂቃ አጥንተዋት ኖሯል። አንዱ ከኋላ ይንጠለጠላል፣ ገመዱን በካራ ይቆርጣል፣ ጆንያውን ይገፋል፤ የቀሩት ከሥር ያነሳሉ። ገለታ ከሁሉም ቀጭን ስለነበረ ተንጠልጣዩ እሱ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ብረቱ ረጥቦ ነበር፤ መኪናውም ዳገቱ አቅቶት ወደኋላ ሸርተት አለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እናቱ ማንበብ ባትችልም ታስነብባለች።

በቀብሩ ዕለት እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንዱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ሣጥኑን የተሸከሙት እነዚያው የዳገቱ ልጆች ናቸው፤ ደሳለኝም አንዱን ጥግ ይዟል። ያን ጊዜ ነው የልጄን ፊት አይቼ፣ ያን ቀን እሱም ከሥር ቆሞ ጆንያ ይጠብቅ እንደነበር ያወቅሁት። የነገረኝ የለም። እናት እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ሦስተኛ ክፍል ይበቃታል።

አዴ አያንቱ አላለቀሰችም። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እሷ ጉልበቷን አቅፋ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣

«ልጄ የሚያፍረው ሰው አልነበረውም» አለችኝ።

«አንቺ እያለሽ?»

«እኔን ይወደኛል እንጂ መቼ ያፍረኛል? እናት ትወደዳለች፣ አትታፈርም። አንድ የሚያፍረው ወንድ ቢኖረው እዚያ መኪና ላይ አይወጣም ነበር።» ቀጥላም የእኔን ልጅ በዓይኗ እየተከተለች «የአንቺስ ማንን ያፍራል?» አለች።

በዚያው ሳምንት የደሳለኝን ፍራሽ ላሰጣ ሳነሳ ከሥሩ አንድ ካራ አገኘሁ። እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ስለቱ አዲስ የተሳለ። ተንጠልጣዩ ሞቷል፤ ተተኪው ማን እንደሆነ ገባኝ። ምን አደረግሁ ትሉኝ ይሆናል። አገላብጬ አየሁትና እዚያው ቦታው መለስኩት። ፈሪ ነኝ ብያችኋለሁ።

ግን ፈሪም ሲብስበት ይራመዳል። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ በአባቴ አገር የጡት አባት የሚባል ደንብ አለ። ረዳት የሌለው ልጅ ወደ አንድ የተከበረ ሰው ይቀርባል፣ ሰውየው አውራ ጣቱን ማር ይነክራል፣ ልጁ እማኝ ባለበት ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የጡት አባቱ ነው፤ ይቆጣዋል፣ ይመክረዋል፣ ሰው ሲነካው ይቆምለታል። ልጁ ግን የሚያድረው እናቱ ቤት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እናቱ ቤት ነው የሚያድረው። እኔ የፈለግሁት በሳምንት ሁለት ቀን የሚቆጣልኝ ሰው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ባለ ሱቁ አቶ ወልዴ ዘንድ ነው። ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የከበሩ፣ ሚዛን የማያጭበረብሩ ሰው ናቸው። ሰው ልለምን ስሄድ በንጽሕና ልሂድ ብዬ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።

«አቶ ወልዴ፣ ልጄ አባት የለውም» አልኩ።

«ይህንስ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እግዜር ያጽናሽ።»

«እርስዎ ደግሞ ጨዋ ሰው ነዎት።»

«የእግዜር ቸርነት ነው።»

«እንግዲህ አባት ይሁኑልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

የአቡጀዴ መለኪያ ሜትራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ፀጉሬን አዩ፣ ቀሚሴን አዩ፣ ጣራውን አዩ። «እስቲ… ትንሽ ላስብበት» አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ የሚስታቸው ድምፅ መጣ። «እኔ አስቤበታለሁ!» አለች፤ ከድምፅዋም ቀጥላ ራሷ መጣች። እስከ መንገድ ድረስ ሸኘችኝ፤ መልካም ሽኝት ነበር እንዳልል የግራ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ኋላ ሰው ልኬ አስረዳኋት፤ ገሚሱን አመነች። ዛሬም ከዚያ ሱቅ ጨው የማስገዛው በሰው እጅ ነው።

ቀጥዬ ደሳለኝን ያስተምር ወደነበረው መምህር ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ከሸዋ የመጣ፣ ሰው ሲያናግር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ የሚመስል። «አሳብሽ ትልቅ ነው» አለኝ፤ «እንዲህ ያለው ነገር ግን በማመልከቻ መሆን አለበት።» ማመልከቻውንም ራሱ ጻፈልኝ። በእኔ ስም፣ እኔ በማላውቀው አማርኛ። ይህን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ቴምብር የለውም ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ቴምብሩ ያለ ቦታው ተለጥፏል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ መነጽር ያደረገ ጸሐፊ አነበበልኝ። ጃንሆይ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያዩኛል፤ እሳቸውን ፈርቼ ጸሐፊውን አየሁ፣ እሱን ፈርቼ መሬቱን አየሁ።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አለኝ።

«ገና አላጠፋም ጌታዬ።»

«ካላጠፋ ምን ላድርግልሽ?»

«እንዳያጠፋ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። «እንዳያጠፋ የሚባል ፋይል የለንም» አለ፤ «ያጥፋና ፖሊስ ጣቢያ ይከፈትለታል።»

እውነቱን ነው። ያለው ፋይል እሱ ብቻ ነው።

ስወጣ እግሬ ወደ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወሰደኝ። እዚያ መንገድ ዳር ኦቦ ዱጉማ የሚባሉ አናጢ አሉ። አልጋ ይሠራሉ፣ ወንበር ይሠራሉ፣ የሬሳ ሣጥን ይሠራሉ። የገለታንም የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲሠሩም ለልጅ ነው ብለው ጠርዙን ሁለት ጊዜ እንደ ላጉት አይቻለሁ። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ አይጠጡም፣ አያጨሱም፣ አይስቁም። ሰው ሊያፍረው የሚገባ ፊት በነቀምቴ ካለ የእሳቸው ነው።

«ኦቦ፣ አካም ቡልተን?» አልኩ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

መላጊያቸውን ሳያቆሙ «ደህና። አልጋ ነው ሣጥን?» አሉ።

«አባት ነው» አልኩና ከአቶ ወልዴ ቤት የተማርኩት ትዝ ብሎኝ ቶሎ ብዬ «ለልጄ! ለእኔ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ።

አሁን መላጊያው ቆመ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ካራው።

«ልጁ ምን ይችላል?» አሉ በመጨረሻ።

«መሸሽ።»

«ሌላስ?»

«ዝም ማለት።»

«ዝም ማለት ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ይምጣ።»

ስለ ማሩ ነገርኳቸው፤ «ይላስ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም። አገር የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

ደሳለኝን ለማምጣት ሁለት ቀን አለቀስኩ። የመጣው አምኖ ሳይሆን እንባዬ ሰልችቶት ነው። እማኝ ይሁኑ ብዬ አዴ አያንቱንና ሁለት ሽማግሌዎች ጠራሁ። ማሩን በብልቃጥ ይዣለሁ፣ ለደስታውም አንድ ገንቦ ጠላ አሸክሜያለሁ፤ የማይጠጣ ሰው ቤት ጠላ ይዞ መሄድ ከእኔ በቀር ማን ያስባል? ሁላችን ቆመን፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ ኦቦ ዱጉማ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

አውራ ጣት የላቸውም።

«መጋዝ ወሰደው» አሉ። «ቆይቷል።»

ሃያ ዓመት በገበያ ሳገኛቸው፣ ሣጥኑንም ሲልጉ ሳይ ልብ አላልኩም! ሽማግሌዎቹ ምክር ገቡ። አንደኛው «ቀጥሎ ያለው ጣት ይሁና» አለ። ሁለተኛው ጎተት አደረገውና «እሱማ ሌባ ጣት ነው፤ ለዚህ ልጅ ሌባ ጣት ይጠባል እንዴ?» አለ በሹክሹክታ፣ ግን ጆሮው ከባድ የሆነ ሰው ሹክሹክታ ነበርና ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ትንሿ ጣት ትሁን ቢባል ለአባትነት አነሰች። በመጨረሻ የግራ አውራ ጣት ተፈቀደ፤ እሷም እስከ አንጓዋ በኮላ ተለብጣ ኖሯል። ማሩ ከኮላው ጋር ተጣበቀ፣ ልጁ ቢስበው አልለቅ አለ፣ ከንፈሩ ከአባቱ ጣት ጋር ሊቀር ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ደሳለኝ ሳቀ። ከገለታ ቀብር ወዲህ ስቆ አያውቅም። ኦቦ ዱጉማ አልሳቁም፤ ጣታቸውን በመጋዝ ብናኝ ጠረጉና «ካራውን አምጣ» አሉት። ልጄ እኔን አየኝ፣ ከደረቱ ሥር አወጣና ሰጣቸው። ስለቱን በጥፍራቸው ሞከሩት። «ይህ ገመድ እንጂ እንጨት አይቆርጥም» ብለው ወደ ጥግ ወረወሩትና በቦታው መላጊያ አስጨበጡት።

እዚህ ላይ ወጌ ቢያልቅ ምንኛ ደግ ነበር። ግን ከጓዳ የኦቦ ዱጉማ ሚስት አዴ ጃለኔ ወጣች። ሃያ ዓመት በትዳር ኖራ አልወለደችም። ልጁን አየችው፣ ማሩን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም ደስ ብሏት ነው ብዬ አብሬ እልል አልኩ። ለምን እልል እንዳልኩ ሳላውቅ እልል ያልኩባት ቀን እሷ ናት።

በሳምንቱ እነ ኦቦ ዱጉማ ቤት በግ ታረደ። ከዲጋ ድረስ ዘመድ መጣ። ብርዝ ተቀዳ፣ መዝሙር ተዘመረ። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ፤ ሃዳ ደሳለኝ፣ የደሳለኝ እናት፣ እያሉ ከሁሉ በፊት ለእኔ ሥጋ አቀረቡ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ስለ ኮረሪማ ከሆነ ማንንም እረታለሁ፣ ምርቃት ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ቆሙ፣ «ሃ ጉዳቱ» ሲሉ ሰዉ ሁሉ «ሃ ጉዳቱ» ይላል። ይደግ ማለት ነው። ይደግ ሲባል የማትቀበል እናት ማን ናት? ከሁሉ አብልጬ ጮኽኩ። ቀጥለው አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሕዝቡ ደግሞ ዋቅጋሪ፣ ዋቅጋሪ አለ። ዋቅጋሪ፣ እግዜር ቸር ነው ማለት ስለሆነ እውነት ነው ብዬ እሱንም ጮኽኩ።

ሲመሽ «በል ደሳለኝ፣ ቤታችን እንሂድ» አልኩት።

«ማን ደሳለኝ?» አሉ የዲጋው ሽማግሌ። «ይህ እኮ ዋቅጋሪ ዱጉማ ነው።»

ለካስ ጉዲፈቻ ነው! እኔ የጎጃሙን ጡት አባት ስጠራ፣ እነሱ የሰሙት የራሳቸውን ጉዲፈቻ ነው፤ ልጅ ለዘለዓለም የሚሰጥበት፣ ስም የሚለወጥበት፣ ወደኋላ የማይባልበት። ልከራከር ሞከርኩ። ሽማግሌው በትዕግሥት አስረዱኝ፤ «ማሩን ማን አመጣ? አንቺ። እማኝ ማን አቆመ? አንቺ። ይደግ ስንል ከሁሉ በላይ ማን ጮኸ?» አዴ ጃለኔን ቀና ብዬ አየኋት። የልጄን ትከሻ ይዛለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። የፍርሃትን መንቀጥቀጥ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ክርክሬን ተውኩ። ብቻዬን ቤቴ ገባሁ።

በዚህ ላይ የከተማው እናቶች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደጄን ወረሩት። «የአንቺ ልጅ እኮ ገና ሳይነጋ ሳንቃ ተሸክሞ ሲያልፍ አየነው፤ ለእኔም ፈልጊልኝ!» አንዷ ዶሮ ይዛ፣ አንዷ ቅቤ ይዛ። ልጇን በገዛ ማሯ ያጣችውን ሴት ነው እንግዲህ ሰው እንደ ባለሙያ የሚያማክረው። ለሁሉም አንድ ቃል ነገርኳቸው፤ «ማር እንዳታስነኩ!» አልኩ። «የሚቆጣ እንጂ የሚወስድ አትፈልጉ።»

ግን ወንዶቹን ከየት ላምጣ? በየሱቁ ጫማ እየጣልኩ አልዘልቀው። ወንድ ሁሉ በአንድ ላይ የሚቀመጠው እድር ላይ ነው። በወሩ ስብሰባ ከአዴ አያንቱ ጋር ሄጄ ከዳር ቆምኩ። ሴት እዚያ አትናገርም፤ የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ግን «ምን አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እንደ መቃ ስንቀጠቀጥ አይተው የታመምኩ መስሏቸው ነው።

«ገለታ ሲሞት» አልኩ፤ «ይህ እድር አርባ ወንድ አወጣ። አርባው ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ለሬሳው ተቀመጠ። እግዜር ይስጣችሁ። ግን በሕይወቱ ሳለ ከአርባው አንዱ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ "አንተ ገለታ፣ የት ዋልክ?" ቢለው ኖሮ ድንኳኑ ባልተተከለ። አርባውን አንጠይቅም። ለየልጁ አንድ አንድ ሰው ስጡን፣ ሳይሞቱ።»

አንዱ ከኋላ «ሴትዮ፣ ሬሳ አይሰርቅም! በሕይወት ያለውን ቤቴ አስገብቼ ቢሰርቀኝስ?» አለ። ሰው ሳቀ።

አዴ አያንቱ ነጠላዋን አጠበቀች። «ቢሰርቅህ ይዘህ ታስመልሰዋለህ» አለችው። «የእኔን ማን ይመልስልኛል?»

ሳቁ ቆመ። ባላምባራስም «እስቲ እጅ የሚያወጣ» አሉ።

እጅ ወጣ፤ እንዳሰብኩት ባይሆንም ወጣ። ከዚያ በኋላ የነበረው ድልድል ራሱን የቻለ ፍዳ ነው። ለባለ ሉካንዳው የደረሰው ልጅ ደም ሲያይ የሚወድቅ ሆነ፤ ሥጋ ሊቆርጥ የሄደውን በውኃ እየረጩ ሲያነቁት ዋሉ። ለልብስ ሰፊው የደረሰው የገዛ አሳዳጊውን ሱሪ ከአልጋ ልብስ ጋር ሰፋው። አቶ ወልዴም አንድ ልጅ ወሰዱ፤ ሚስታቸው የፈቀደችው እኔ ያንን ደፍ እንዳልረግጥ ተስማምቼ ነው። ይህን ሁሉ እንሳቅበት፤ ግን አንዱን ሳልናገር አላልፍም። ወንዶቹ ልጅ የመረጡት እንደ በርበሬ ነው፤ ቀዩን ቀዩን ለቅመው የነቀዘውን ጥለው ሄዱ። እሺ የሚለውን፣ ፊቱን የታጠበውን ተሻሙበት። የዳገቱን ልጆች ማንም አልነካ። ሁለቴ ተመላለስኩ፣ ሦስቴ ለመንኩ፤ «እነሱማ ጊዜው አልፎባቸዋል» አሉኝ። እኔም ደከመኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቤ ሌላ ዘንድ ነበር።

ልጄን እፈልገው ነበር። እሑድ እሑድ ይመጣል፣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ እጁ ጣውላ ጣውላ ይሸታል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ገበያ ላይ አዴ ጃለኔን ቅርጫት ይዞላት ሲከተላት «ሃርሜ» ሲላት ሰማሁ። እማዬ ማለቱ ነው። ያን ቀን ማንም ሳይጮኽብኝ ኮረሪማውን ደፋሁት። ባላምባራስን ይዤ ሄጄ፣ በስህተት የሆነ ነውና ይመለስልኝ ልል ቆረጥኩ።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሄድን። ኦቦ ዱጉማ ረጅም ሳንቃ እየገጠሙ ነው፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ ልጄ ይዟል። አዴ ጃለኔ በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ ጥቅል ይዛለች። የልጄ ልብስ ነው፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ። ለምን እንደመጣን ነጋሪ አላስፈለጋትም።

ባላምባራስ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከመንገዱ ሁካታ መጣ። ፖሊሶች ናቸው። በመካከላቸው የዳገቱ ልጆች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በገመድ ታስረው ይነዳሉ። ሌሊቱን ዳገቱ ላይ ተሸምቆባቸው ተይዘው ነው። የገለታን ሣጥን የተሸከሙት እነዚያው ናቸው፤ አንዱ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ አንዱ አፉ ደምቷል። በወርክሾፑ ፊት ሲያልፉ ይህ ደም ያለበት ልጅ ቀና ብሎ «ደሳለኝ!» አለ።

ልጄ ሳንቃውን ለቀቅ አደረገው። ሮጦ ሊገባባቸው ነው፤ እግሩ ተነሥቷል፤ አውቀዋለሁ፣ ይህን እግር ከተፈጠረ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ቀቢ» አሉ ኦቦ ዱጉማ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። ያዝ ማለት ነው። «ከለቀቅከው ይጣመማል።»

ልጄ መንገዱን አየ። እሳቸውን አየ። እግሩን መለሰና ሳንቃውን ያዘ። ጣቶቹ ነጩ እስኪወጣ ድረስ ያዘ። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፣ እጁ ግን ሳንቃው ላይ ነው። የታሰሩት አልፈው፣ ሁካታው ርቆ፣ አቧራው እስኪተኛ እንደያዘው ቆየ።

ባላምባራስ «እንግዲህ ስለመጣንበት ጉዳይ…» ብለው ጀመሩ።

«አልመጣንም» አልኩ።

አዴ ጃለኔ ጥቅሉን ወደ እኔ ዘረጋች። ጥቅሉን መልሼ ደረቷ ላይ አደረግሁት። «ልብሱ እዚሁ ይሁን» አልኩ፤ «ክረምት ሲመጣ ደረቱን ያመዋል፤ አደራሽን።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፈሪዋ።

ልሄድ ስል ልጄ ከሳንቃው ጫፍ ሆኖ ጠራኝ።

«እማዬ፣ ቁርስም አልበሉም እኮ» አለ።

እነማን እንዳልበሉ አልጠየቅሁትም። አዴ ጃለኔ ጓዳ ገብታ አገልግል ሞልታ ወጣች፣ እኔም አንሥቼ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሄድኩ። ካኪ የለበሰ ዘብ፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ከአጠገቡ ውሻ የተጋደመበት። የምፈራው ሁሉ በአንድ በር ላይ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። አገልግሉን አቅፌ ተራ ያዝኩ።

እናቶች እየተጋፉ የየልጃቸውን ስም ይጠራሉ። ዘቡ እየጠራ እህሉን ይቀበላል። ተራዬ ሲደርስ፣

«የአንቺስ ልጅ ማን ይባላል?» አለኝ።

«የእኔ ከዚህ የለም» አልኩ።

«ታዲያ እህሉ ለማን ነው?»

«ማንም ያልመጣለት የቱ ነው?»

የተጠየቀው ነገር ከዚህ በፊት በዚያ በር ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ። ዘቡ ወደ ውስጥ ገባና ቆይቶ ተመለሰ፤ መጀመሪያ አገልግሉን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ሦስት ናቸው» አለኝ።